የብሩክ የክርስትና ስም

ኮረብታውን ልቀቁ የሚለው ትእዛዝ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። እናንተ ልጆች ጦርነትን በስልክ ስላያችሁት ትእዛዝ በመለከት የሚመጣ ይመስላችሁ ይሆናል። የእኛን ይዞ የመጣው ትንፋሽ ያጠረው አንድ መልእክተኛ ነው። የጋንታችን መሪ ሰማውና ወደ እኛ ዞረ። «ቁስለኛ ያዙ። ሬሳ ተዉ። ዞር ብላችሁ እንዳታዩ» አለን።

ከዚያ በፊት የነበረውን ልንገራችሁ። እዚያ ምሽግ ውስጥ ከጥይቱ እኩል የጎዳን ጥርጣሬ ነው። ቦታ በቀየርን ቁጥር ሞርታሩ ተከትሎን ይመጣል። ከመካከላችን የሚነግር ሰው አለ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ማን በምን ቋንቋ እንደደወለ፣ ማን ሽንቴን ልሽና ብሎ ወጥቶ እንደዘገየ መቆጣጠር ጀመርን። ያኔ ከተማው ውስጥም ጎረቤት ጎረቤቱን «የየት አገር ሰው ነህ?» ይል ነበር፤ በሽታው አብሮን ዘምቶ ነው። ከተጠራጣሪዎቹ ግንባር ቀደሙ እኔ ነበርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የምትለዋን ተረት ከአባታችን ሆይ ይልቅ እደጋግማት ነበር።

ከሁሉ አብልጠን የምንጠረጥረው ዳባን ነው። የእንጦጦ ጀርባ ገበሬ ልጅ ነው። ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ ያወራል፣ እኛ አንሰማም። ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ ሰው ሲያማ ዝም ይላል። ዝምታውንም ጠረጠርነው። ከፊት ወጣ ባለችው ምሽግ ከእሱ ጋር የሚመደበው ጓደኛዬ ብሩክ ነበር፤ የሲግናል ሰፈር ልጅ፣ ሳቂታ፣ ለእናቱ አንድ። «ከዚህ ሰውዬ ራቅ በል» ስለው ሳቀብኝ። «አንተ እኮ እናትህንም ሳትፈትሽ አታስገባም» አለኝ።

ብሩክ የክርስትና ስሙን ለማንም አይናገርም ነበር። እናቱ እትዬ ጥሩነሽ ሲሸኙት «ለቄስ ካልሆነ በቀር ስምህን ለማንም እንዳትሰጥ» ብለውታል። ስም ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይደገምበታል ብለው ይፈራሉ። ለመንኩት፣ አሾፍኩበት፤ ለእኔ እንኳ አልነገረኝም።

ልቀቁ የተባልን ዕለት ሁለቱ ከፊት ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ከባድ መሣሪያ ይወርድብናል። ተጣራን። መልስ የለም። አቧራው ሰው አያሳይም። አንዱ «ዳባ እጁን ሊሰጥ ነው የቀረው!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልተከራከረውም። ወረድን። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሸለቆው ውስጥ ተቆጠርን። አምስት የሞቱ፣ ሁለት የጠፉ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወሰን ሰፈር አንድ ጋራዥ ገብቼ ፍሬን መሥራት ጀመርኩ። ከዓመት በላይ ቆይቶ ዳባ ከምርኮ በሕይወት መመለሱን፣ እንጦጦ ላይ የደን ጥበቃ ሆኖ መቀጠሩን ሰማሁ። እያነከሰ ሲግናል ድረስ ሄዶ «ብሩክ ዐርፏል» ሲላቸው እትዬ ጥሩነሽ በሩን ዘጉበት። የንስሐ አባታቸው ፍትሐት ይደረግለት ቢሏቸውም አሻፈረኝ አሉ። ልጄ ታስሮ ይሆናል፤ በሕይወት ላለ ሰው ምን ፍትሐት አለው ብለው ጥቁር ሳይለብሱ ተቀመጡ።

አንድ ጠዋት ጋራዡ ድረስ መጡ።

«አንተ ሰው አታምንም፤ እንዳንተ ያለ ነው የምፈልገው» አሉኝ። «አብረኸኝ ውጣና ያንን ሰውዬ አጋልጥልኝ። ከጠላት እጅ ገብቶ በደህና የሚወጣ ማነው? እሱ ከዋሸ ልጄ አለ ማለት ነው።»

ደስ ብሎኝ ነው የተነሣሁት። እኔም ብሩክ እንዲኖር፣ ዳባም ውሸታም እንዲሆን እፈልግ ነበር።

መገናኛ ታክሲ ስንቀይር አንድ ሰባኪ በድምፅ ማጉያ «ኢትዮጵያ ሆይ፣ ንስሐ ግቢ!» ይላል። ሕዝቡ እየተጋፋ ያልፈዋል። እኔ ኪሴን ያዝኩ።

«ማንን ነው የሚለው?» አሉኝ እትዬ ጥሩነሽ።

«ጎረቤቱን ነዋ» አልኳቸው።

የመጨረሻውን ዳገት በእግር ወጣነው። ዳባ የወደቀ ባሕር ዛፍ ከመንገድ ላይ ሲያነሣ አገኘነው። እሳቸውን ሲያይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ለእኔ እጁን ሲዘረጋ አልጨበጥኩትም።

«ለምን ቀረህ?» አልኩት።

«ለጽድቅ ብዬ አይደለም» አለ። «ቁርጭምጭሚቴን ተመታሁ። መሮጥ ብችል እንዳንተ እሮጥ ነበር። ብሩክ ሆዱን ነበር የተመታው። እስኪመሽ አብረን ቆየን። እኔን ሊይዙኝ ሲመጡ እሱ ዐርፎ ነበር።»

«ምን አለ?» አሉት እትዬ ጥሩነሽ።

«ቄስ አለኝ። ከየት ላምጣ? እኔ መፍታት አልችልም አልኩት። ‹እንግዲያው ስማኝና ከተረፍክ ለቄስ አድርስልኝ› አለ። ኃጢአቱን ነገረኝ። እንደተመለስኩ እዚህ ደብር ላሉት አባት አደረስኩ።»

«ለእኔም ንገረኝ።»

«እማማ፣ እሱን አልነግርዎትም። ለእርስዎ አልላከኝም።»

አሁን ያዝኩህ አልኩ በልቤ። ሊጣራ የማይችል ወሬ ለውሸታም ይመቻል። «ንስሐውን ካደረስክ ስሙን ታውቃለህ» አልኩት። «የክርስትና ስሙን ተናገር።» ወልደ ሚካኤል ወይም ገብረ ማርያም እንዲለኝ ነበር የጠበቅኩት፤ እነዚህ ለግማሹ አገር ይገጥማሉ።

ዳባ አየኝ። «አንተ ፊት አልናገረውም» አለ። ወደ እሳቸው ተጠግቶ በጆሯቸው ሹክ አላቸው።

እትዬ ጥሩነሽ ትከሻውን ያዙ። ከዚያ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ይጮኻሉ ብዬ ብጠብቅ አልጮኹም።

«ውሸታም እንድትሆን ስጸልይ ነው የከረምኩት» አሉት። «በየቅዳሴው። ይህ ሰው ውሸታም ይሁንና ልጄ ይኑርልኝ እያልኩ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እማማ» አለ ዳባ።

ያኔ ነው ያለቀሱት። ያቺን ጥያቄ ባልጠይቅ ተስፋቸው ትንሽ በቆየ ነበር። የብሩክን ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ጠይቄም አላውቅም።

በፍትሐቱ ዕለት ከዳባ ጋር ጎን ለጎን ቆምን። ቄሱ ከጸሎቱ በፊት «ሌሎቹስ ጓደኞቻችሁ? ስማቸውን ንገሩኝና አብሬ ላስባቸው» አሉን። ከብሩክ ሌላ አምስት ናቸው። ከአንድ ኮዳ ጠጥተን፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን አድረን ነበር። እያንዳንዱ የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ አባቱ የማን ዘር እንደሆነ አጣርተን እናውቃለን። በቤተ ክርስቲያን ማን ተብሎ እንደሚጠራ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። «አናውቀውም» አልናቸው።

ቄሱ አልተቆጡንም። የብሩክን ስም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሩ። በአምስቱ ተራ ደግሞ «ስሙን አንተ የምታውቀው ባርያህ» አሉ፤ አምስት ጊዜ።