ለአሕመዲን ትንሽ ላስቀርለት?

ነጻ ነው! አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልተገኘበትም! ምራቄን ሳልውጥ ልንገራችሁ፤ የመህዲን ነው የማወራችሁ፣ የቆቦውን ባጃጅ ነጂ፣ ጎረቤቴን። «ሌላው ይማርበት» ብሎ እንድጽፈው ራሱ ፈቅዷል።

መህዲ ለጋስ ነው። የባጃጅ ሰልፍ ላይ ጫት ከገዛ የሁሉም ነው፤ ብቻውን የጎረሰ ቀን አላየሁም። ጉዱን ያመጣበትም ይኸው አመሉ ነው። ጎብዬ ገበያ አድሮ ጨብጥ ሸምቶ ተመለሰ። ጤና ጣቢያ ያዘዙለትን እንክብል ይዞ ሰልፉ ጋ ሲመጣ፣ ጓደኛው አሕመዲን «እኔንም እኮ ሽንቴ ያቃጥለኛል» አለው። ብቻውን መዋጥ ነውር ሆነበት! ግማሹን ቆርሶ ሰጠው። ግሪስና ላብ በጠገበ እጅ ሲቀባበሉ አይቻለሁ፤ የራስ ምታት መስሎኝ ነበር። እውነቱን የሰማሁት ኋላ ነው።

ሕመሙ ጠፋ ሲሉት ተመለሰ። ሌላ ገዙ፣ ደግሞ ተካፈሉ፤ በሽታው መድኃኒቱን ለመደው። መግሉ ሱሪውን አልፎ የባጃጁን ወንበር ነካ። በዚህ በቆላው ሙቀት ሽታውን አልነግራችሁም። እፍ! ዝንቡ ብቻ ይበቃል።

የባሰው ግን ለሚስቱ ለዓሊማ ማስተላለፉ ነው። ምን ያጠፋች ሴት! ጥላው ሮቢት እናቷ ቤት ገባች። ለሽምግልና ስሄድ በር ላይ አቆመችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ከሱ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ? ያስመልሰኛል! መዳኑን ከእርስዎ አፍ ካልሰማሁ ቆቦን አልረግጥም።»

ኋላ ጤና ጣቢያ የወጉት መርፌም አልሠራ አለ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር መቅደላዊት፣ ደሴ ከተማ ሆስፒታል በሙከራ ላይ ያለ አዲስ መድኃኒት እንዳለ ሰምታ፣ ባልና ሚስቱን አስፈቅዳ ይዛቸው ወጣች። እኔም ሽማግሌ ነኝና ተከተልኩ። በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። ዓሊማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጨለጠችው። መህዲ ግን ብርጭቆውን ይዞ ቆመ።

«ሲስተር፣ ለአሕመዲን ትንሽ ላስቀርለት?»

«ምን አልክ?»

«በሃይላንድ እወስድለታለሁ። እሱም አልዳነም እኮ።»

«አንተ ሰው፣ ይሄ ጫት ነው? እየቆረሳችሁ ስትውጡ አይደል በሽታውን ያሠለጠናችሁት? ጠጣ! አሕመዲን በራሱ እግር ይምጣ!»

ዓሊማ «ቱ!» አለች። ሰው እንዲህ ሲጸየፍ አይቼ አላውቅም። መህዲ አንገቱን ደፍቶ እስከ አተላው ጠጣ።

እሷ ቀድማ ዳነች፤ አሕመዲንም አፍሮ አፍሮ በራሱ እግር ደሴ ሄዶ ጠጣ። የመህዲ ውጤት ግን ዘገየ። ዛሬ ሲስተር ስትደውልለት እየሮጠ መጥቶ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው። «ጋሼ፣ እርስዎ ይስሙት! ዓሊማ እኔን አታምነኝም!» ስልኩን በሶፍት ጠርጌ ሰማሁ። ድኗል!

«በባጃጄ ሮቢት ላድርስዎት?» አለኝ።

እዚያ ወንበር ላይ? ይቅርብኝ! ሚኒባሱ «ሮቢት! ሮቢት!» እያለ ነው፤ ዓሊማ ከኔው አፍ ትስማው። ሄድኩ!