የሽንኩርቷ ካርድና የእኔ ጭብጨባ

«ይህን የኬሚስትሪ ካርድ ጨዋታ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አሉ የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን፣ ዛሬ የትምህርት ቤታችንን ኤግዚቢሽን ሊያዩ በመጡ እንግዶች ፊት። እኔም አጨበጨብኩ።

አዎ፣ አጨበጨብኩ! የንጥረ ነገሮቹን ካርዶች ከሳሙና ካርቶን እየቆረጥን ሁለት ወር የሠራነው እኔና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ዘይነባ ነን።

በሰልፈር ካርድ ላይ ሽንኩርት የሳለችው እሷ ናት፤ ሽንኩርት ሲከተፍ ዓይን የሚያቃጥለው የሰልፈር ውህድ ነውና። «ሸዋሮቢት ውስጥ በሰልፈር ያላለቀሰ ማን አለ?» ብላ አስቃኛለች።

ዘይነባ መጀመሪያ እሳቸውን አየች፤ ቀጥሎ እጆቼን አየች። ከዚያ እሷም ማጨብጨብ ጀመረች።

ስንወጣ «ቲቸር፣ ሽንኩርቱንም እሳቸው ናቸው ያሰቡት?» አለችኝ።

ወደ ኃላፊው ተመልሼ «ጋሼ፣ የልጅቷን ስም እንኳ አልጠሩም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሁላችንም አንድ ቤት ነን። የእኔ የአንቺ ምን አመጣው?» አሉኝ። (መድረኩ ላይ «እኔ» ለማለት ግን ማንም አልቀደማቸውም።)

በእሳቸው ተናድጃለሁ። የሚቆጠቁጠኝ ግን የራሴ እጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ «የማታውቂውን ጠይቂ፣ የምታውቂውን ተናገሪ» ስላት የከረምኩትን ልጅ ዛሬ በአንድ ጭብጨባ ዝም ማለት አስተማርኳት። ለራሴ ይሉኝታ ነው ብዬው ነበር። ፈርቼ ነው።

ነገ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ፣ ኃላፊው ባሉበት፣ ስሟን እጠራለሁ።

እናንተስ ለተቀማችሁት ሥራ አጨብጭባችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልፈር።

እኔ ግን ከዛሬ ወዲያ የተማሪዬን ሥራ ማንም በፊቴ የራሱ ሲያደርግ ዝም አልልም። «አንድ ቤት ነን» የሚለውንም መልስ አልቀበልም።