ተሰባጥሮ መቀመጥ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሂሩት በስልኳ አንድ ፊልም አሳየችኝ። አሜሪካ ውስጥ የሁለቱ ተፎካካሪ ፓርቲዎች ደጋፊዎች ከየመንደራቸው ተሰብስበው፣ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እየተሰባጠሩ ተቀምጠው ይወያያሉ።

«ከላይ የታዘዘ አይደለም፤ ሕዝቡ ራሱ የጀመረው ነው። አያምርም፣ አክስቴ?»

አቀማመጡን አውቀዋለሁ። በንጉሡ ዘመን፣ ባሌ ጎባ ተማሪ ሳለሁ፣ አሜሪካዊው የታሪክ መምህራችን ይህንኑ መድኃኒት ይዞልን መጥቶ ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን ከማሰብ የሚያሳርፍ ዓይነት ደግነት ነበር። ሮቤ አጠገብ ባለርስቶች ትራክተር አስመጥተው ጭሰኞቻቸውን ሊያፈናቅሉ መሆኑን ሲሰማ፣ ሁለቱን ወገን ያቀላቀለ ሸንጎ ጠራ። ባገሩ እንዲህ እንደሚደረግ ነገረን። እኔን አስተርጓሚ አድርጎ ወሰደኝ።

መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ግራና ቀኙ ገብስ ቢጫ መያዝ ጀምሯል። ጭሰኞቹ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የዘሩትን እስኪያጭዱ እንዳይነቀሉ።

እንደ ልማዳቸው በአንድ ወገን ተሰብስበው፣ ስለ ሁሉም የሚናገሩትን ሽማግሌ፣ ኦቦ ገልገሎን፣ ከፊት አስቀምጠው ጠበቁን። መምህሩ ይህን ሲያይ ደነገጠ፤ «መለያየት የሚጀምረው ከዚህ ነው» አለ። ከዚያም እያንዳንዱን ጭሰኛ ከገዛ ባለርስቱ ጎን አስቀመጠ።

«ና ገልገሎ፣ ጠጋ በል» አሉ ቀኛዝማች፣ የሽማግሌው ባለርስት፣ እየሣቁ። «ዛሬ እኩል ናችሁ ተብለናል።»

ኦቦ ገልገሎ በኦሮምኛ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይህን ፈረንጅ ጠይቂልኝ። ነገም እዚሁ መካከላችን ይቀመጣል?»

ተረጎምኩ። መምህሩ ፈገግ አለ። «መተማመን የሚጀምረው ዛሬ ነው በያቸው።»

ገብሱ እስኪታጨድ ማንም እንዳይነቀል የሚደግፍ እጁን እንዲያነሣ ተጠየቀ። ጭሰኛው ሁሉ አስቀድሞ ያየው አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ነበር። የባለርስቶቹ እጅ ጋቢያቸው ውስጥ ነው። የኦቦ ገልገሎ ክንድ ከጉልበታቸው ከፍ አለ።

«ምነው ገልገሎ፣ ዝንብ አስቸገረህ?» አሉ ቀኛዝማች።

ክንዱ ወረደ። ሌላ እጅ አልተነሣም። መምህሩ እንዲህ በአንድ ልብ የወሰነ ጉባኤ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ትራክተሩ ገብሱን ከነዛላው ገለበጠው። ኦቦ ገልገሎ ቤተሰባቸውንና የተረፏቸውን ከብቶች ይዘው ወደ ሃረና ጫካ ወረዱ። መምህሩም ጊዜው ሲያበቃ ወዳገሩ ተመለሰ፤ ስለ ባሌ ሕዝብ አንድነት ደስ የሚል ትዝታ ይዞ እንደሄደ አልጠራጠርም።

ሂሩት መልሴን ትጠብቅ ነበር።

«ስብሰባው ሲያበቃ እነዚህ ሰዎች ወዴት ይሄዳሉ?» አልኳት።

«ወደየቤታቸው ነዋ!»

«ቤቱ የማን እንደሆነ አጣሪና፣ ያን ጊዜ ያምራል በይኝ።»