የናሙናው ውሃ

ያኔ ባቡሩ ገና ይሮጣል። ጠዋት አቃቂ ጣቢያ እወርድና ከጣቢያው ጀርባ ባለው የድንጋይ ካባ ዙሪያ፣ የጉድጓድ ውሃ ለሚጠጡት ቤቶች ጠርሙስ አድል ነበር። አድል ነበር ነው ያልኩት፤ እቀዳ ነበር አላልኩም። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሥራዬ የውሃ ምርመራ ነው። ካባው የማሽኑን የተቃጠለ ዘይት እዚያው ድንጋዩን በቆፈረበት ስለሚደፋ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ውሃችን ናፍጣ ናፍጣ ይላል ብለው አመልክተዋል። መሥሪያ ቤቴም ውሃው ተበክሎ ከተገኘ ቦኖ ይተከልላቸዋል፣ ካልተገኘ አርፈው ይጠጡ አለ። አርፈው!

እኔ ብልጡ ታዲያ፣ ከቤት ቤት መዞሩ ቢታክተኝ፣ «ለናሙና ነው፣ ሞልታችሁ አቆዩኝ» ብዬ ባዶ ጠርሙስ እየተውኩ መሄድ ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ሰብስቤ በባቡር እመለሳለሁ። ካባው አፋፍ ሥር የሚኖሩ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ፤ የእሳቸው ጠርሙስ ሁልጊዜ ተወልውሎ፣ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ታስሮ ነው የሚጠብቀኝ። ከላቦራቶሪ የሚመጣው ውጤትም ሁለት ዓመት ሙሉ ያው ነው፦ ንጹሕ። ሽማግሌዎቹ ዋሽተዋል ብዬ በሆዴ አምቻቸዋለሁ፤ አፈር ልብላ።

አንድ ቀን ደብተሬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። እኚያ እናት ከጣቢያው በኩል ሐዲዱን ተሻግረው ይመጣሉ፤ ጠርሙሴን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለውታል።

«እማማ፣ ከየት ነው የቀዱት?» አልኳቸው።

«ከጣቢያው ቧንቧ ነዋ፣ ለምኜ። የእኛማ ይገማል።»

«እኔ የፈለግኩት እኮ የጉድጓዱን ነው!»

ግራ ገባቸው። «ናሙና አላልክም እንዴ ልጄ? ጤፍ ይዘህ ገበያ ስትወጣ፣ ናሙና ብለህ የነቀዘውን ታሳያለህ? ለመንግሥት ሰው የሚገማ ውሃ ይሰጣል?»

ለጎረቤቶቻቸውም እንዲህ አድርጉ ብለው የመከሩት እሳቸው ኖረዋል። ሰፈሩ በሙሉ ሁለት ዓመት ሐዲድ እየተሻገረ፣ የባቡር ጣቢያ ውሃ እየለመነ ሲያስመረምረኝ ከርሟል። ራሱ ግን የሚጠጣው ያንኑ ናፍጣ ነው።

የዚያን ቀን በገዛ እጄ ቀዳሁ። ባልዲው ሲወጣ ላዩ ላይ ቅባቱ ይንሳፈፋል፤ ለማወቅ ላቦራቶሪም አያስፈልግ፣ አፍንጫ ያለው ሰው ይበቃ ነበር። የላቦራቶሪውን ውጤት ይዤ አለቃዬ ዘንድ ሮጥኩ። ሰውዬው ወረቀቱን እንኳ አላነሳውም። ሁለት ዓመት ንጹሕ ነው ብለን ፈርመን ወደ ላይ ልከናል፣ ቦኖውም ለሌላ ሰፈር ተወስኗል አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጠርሙሱን ማን ሞላው ተብሎ ሲጠየቅ ምን ልትል ነው?» አለ።

እኔም ወረቀቱን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። እንጀራዬን ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። የካባው ባለቤት ዘይቱን መድፋቱን ቀጠለ፤ ማን ይናገረዋል? የእኛ ወረቀት መስክሮለት የለ!

ቦኖው እንደማይመጣ ልነግራቸው ስሄድ እኚያ እናት በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ነገርኳቸው። ይቆጡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ነበር፤ ቢረግሙኝም በወደድኩ። እሳቸው ግን ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሡ።

«ሰፈሩን ውሃ ያስከለከልኩት እኔ ነኛ» አሉ። «ይቅር በለኝ ልጄ፣ አንተንም አስወቀስኩህ።»

ካባው አልጠየቀ፣ አለቃዬ አልጠየቀ፤ ስለዚያ ውሃ ይቅርታ የጠየቁት የሚጠጡት ሴትዮ ብቻ ናቸው። እኔም «ምንም አይደል እማማ» ብያቸው ወደ ባቡሬ ሄድኩ።