አቤት ብሎ ወጣ

ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ተማሪ የድሮ አሜሪካዊ ደራሲ ልብ ወለድ ታነባለች። አባዬ ከእስር ቤት ይዞት የወጣው መጽሐፍ ነው፤ የእሱ ግን ትንባሆ ትንባሆ ይሸት ነበር።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ኪልበርን ቤታችን፣ በአማርኛ እየመለሰ ሲያነብልኝ ድንገት አቆመ።

«መጨረሻውስ?»

«አጨስነው።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«የመጨረሻውን ገጽ ትንባሆ ጠቅልለን ለአንድ ጓደኛችን ሰጠነው። ያን ጠዋት ስሙ ተጠርቶ ነበር።»

እኔ ስም ሲጠራ የማውቀው ትምህርት ቤት፣ ክፍል ውስጥ ነው። «አቤት ብሎ ተቀመጠ?» አልኩት።

«አቤት ብሎ ወጣ። እንደ ወጣ ቀረ።»

መጽሐፉ ዛሬም በየሱቁ ይሸጣል፤ ወጣቱ ይወደዋል። ያን ገጽ ግን እስካሁን አላነበብኩትም። ተማሪዋ ስትደርስበት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።