የኔታና ጸጥ ያለው ክፍል

ትናንት ጎረቤቴ ለጎጆው ክዳን ያስመጣውን የጓሳ ሣር ዝናብ መታው። እርጥብ ጓሳ አሽትተህ ከሆነ ታውቀዋለህ፤ የበግ ፀጉርና የጉም ሽታ አለው። ሽታው በመስኮቴ ሲገባ የያዝሁትን መጽሐፍ አጠፍሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንበብ አልተቻለኝም።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ከሞላሌ ብዙም በማይርቅ ደብር ምእመናኑ የግል ፈቃድ አውጥተው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ድንጋዩን ሴቶች ከወንዝ አመላለሱት፤ ወንዶች በደቦ ካቡት፤ ጣራውን በጓሳ ከደኑት። ለመምህራኑም ቤተሰቦች በየተራ ዳቦ ያመጡ ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙ ያልቆየሁ፣ ተጣሞ የተሰመረ መስመር እንኳ የሚያስቆጣኝ ርእሰ መምህር ነበርሁ።

ንባብ የሚያስተምሩት የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ሁላችንም «የኔታ» እንላቸዋለን። ሠላሳ ሕፃናት ሠላሳ ልዩ ልዩ ገጽ ይዘው ባንድ ጊዜ ይጮኻሉ። እሳቸው በርጩማቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ መልሰው ይቀመጡና፣ «በበሩ በኩል ያለሽው፣ አንድ ቃል ዘለልሽ!» ይላሉ። ሲያነጋግሩኝ ዓይናቸው ከዓይኔ አይገጥምም ነበር፤ እኔም ከትሕትና ቆጥሬው ነበር።

አንድ ቀን ፈቃዳችንን ሊያድስ የመጣ የወረዳ ተቆጣጣሪ ጩኸቱን ከመንገድ ሰማና «ገበያው ዛሬ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አንገበገበኝ። በማግስቱ የኔታን ጠርቼ ከእንግዲህ ልጆቹ ድምፅ ሳያሰሙ በልባቸው እንዲያነቡ አዘዝሁ።

የኔታም፣ «እሺ፣ ጌታው። ዝምታን ግን ማን ያርመዋል?» አሉኝ።

የድሮ ልማድ ግትርነት መስሎኝ አለፍሁት።

በሳምንቱ ጸጥታው ደስ አሰኝቶኝ ክፍሉን ልጎበኝ ገባሁ። ከሠላሳው ልጆች የቀሩት ሰባት ናቸው። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሾልከው ወጥተው ከጓሮ የጨርቅ ኳስ ያባርራሉ። የኔታ ግን ባዶዎቹን መቀመጫዎች በሙሉ ክብር ይመለከታሉ።

«የኔታ፣ ልጆቹ የት ሄዱ?»

«እያነበቡ ነዋ! አንተው ባዘዝኸው መሠረት።»

አንዱ ልጅ ሳቁን በመዳፉ አፈነ። በበሩ በኩል የምትቀመጠው ልጅ ግን አልሳቀችም፤ ተቆጥታ ተነሣች። «ጋሼ፣ የኔታ እኮ አያዩም! ስንጮኽ ነው የሚያዩን!»

ለካስ ልጆቹም፣ ወላጆቻቸውም፣ ካህናቱም ያውቁ ኖሯል። ያላወቅሁ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ያባርራቸዋል ብለው የደበቁትም ከእኔው ነበር።

የኔታ በትራቸውን ዳስሰው ተነሡ። «እንግዲህ ታወቀ። የወረዳው ሰው ቢሰማ ፈቃዱን ይነሣችኋል። ይልቅ እኔ ልሂድ፣ ልጄ።»

እዚያው በልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ለወረዳው መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፣ ንባቡም እንደ ቀድሞው ይሆናል አልኋቸው። እሳቸው ግን በትራቸውን አልለቀቁም። ኳሰኞቹን ጠራሁ፤ አንገታቸውን ደፍተው እየተጋፉ ገቡ። «ጩኹ!» አልሁ። ለተማሪ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰጥቼ አላውቅም።

ጩኸቱ ሲነሣ የኔታ አልተቀመጡም። ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡና እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «አንድ ድምፅ ይጎድላል። ያቺ ልጅ የለችም።»

ምሥጢራቸውን በማውጣቷ አፍራ በግርግሩ መካከል ወጥታ ኖሯል። ከካቡ ጀርባ ኩርምት ብላ ስታለቅስ አገኘኋት፤ እጇን ይዤ መለስኋት።

የኔታ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሳይወቅሱኝ ነው የሞቱት። ያን ዕለት ልጆቹ ጩኸታቸውን ገትተው ሲጠብቋት፣ ልጅቱ እየተንሰቀሰቀች ገብታ መጽሐፏን ስትገልጥ የገጹን ድምፅ ሰሙ። በርጩማቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ፤ በትራቸውንም ከግድግዳው አስደገፉ።

«የት ላይ ነበር ያቆምሽው፣ እናቴ?» አሏት።