የጋሽ ይርዳው እጅ በፉሪ ጥዶች ላይ

በነሐሴ መግቢያ፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠን አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከኮተቤ ተነስቼ ወደ ፉሪ ሄድኩ። የሄድኩት የሟቹን አጎቴን የጋሽ ይርዳውን ባለቤት፣ እትዬ ዘነበችን፣ ይዣቸው ልመጣ ነው። ብቻቸውን መኖር ከጀመሩ ዓመት ሞላቸው። ጎረቤቶች እየደወሉ «ሴትዮዋ ወንዝ ለወንዝ ሲዞሩ ነው የሚውሉት፣ ኧረ አንድ ነገር በሉ» ይሉናል። እህቴ ክፍል አጽድታ፣ አልጋ አንጥፋ ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ እምቢ ቢሉ ተሸክሜም ቢሆን አመጣቸዋለሁ ብዬ ፎክሬ ወጣሁ።

ከሳሪስ ወዲያ

ሚኒባሱ ውስጥ እርጥብ ነጠላና የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት በቆሏቸውን ለሁለት ሰብረው ግማሹን እጄ ላይ አኖሩልኝ። «ብዪ የኔ ልጅ፣ ጭቃው ጉልበት ይፈልጋል» አሉኝ። እሱን እየጋጥኩ ስለ ጋሽ ይርዳው እያሰብኩ ሄድኩ።

ጋሽ ይርዳው በወጣትነታቸው እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይሠሩ ነበር፤ መጋዙ የቀኝ እጃቸውን የቀለበት ጣት ከሥሩ ወሰደው። «ዛፎቹ ብድራቸውን መለሱ» እያሉ ይስቁ ነበር። ከዚያ አስተማሪ ሆኑ፣ ከዚያም ሰፈሩ መርጦ ምክር ቤት ላካቸው። እዚያ ለመናገር እጃቸውን ባወጡ ቁጥር «ደግሞ ስለ ጥድ ሊነግሩን ነው» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር አሉ። እሳቸው ግን ክፉ ችኮ! የወንዝ ዳር ዛፍ እንዳይቆረጥ የሚለው ደንብ ድምፅ ሊሰጥበት ሲል፣ የምክር ቤት ባልደረቦቻቸውን ቦቲ አስጫምተው ፉሪ ድረስ ወሰዱና ጭቃ ለጭቃ አዞሯቸው። ደንቡ አለፈ። ካለፈም በኋላ ሰው አላመኑም። መሐንዲስ መጥቶ «አላየሁም» እንዳይል፣ እጃቸውን ኖራ ውስጥ እየነከሩ በየጥዱ ግንድ ላይ ያትሙ ነበር፤ አራት ጣት ያለው ነጭ እጅ። ዝናብ ሲያጥበው ያድሱታል። እስኪሞቱ ድረስ እንዲህ ኖሩ።

ሀና ማርያም

ከዚህ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ጎልማሳ ነው። ወንዙ ጋ እንደምሄድ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«አስፋልቱ ጫፍ ድረስ ነው የማደርስሽ።»

«ምነው፣ መንገዱ ተበላሽቷል?»

«መንገዱስ ደህና ነው።» «መንገድ ይሰፋል ተብሎ ዛፎቹን ቀይ ቀለም ቀብተዋቸው ነበር። ቆራጮቹ ጠዋት ሲመጡ ቀዩ ላይ ነጭ እጅ አገኙ። አራት ጣት! ሰውየው ከሞቱ እኮ ቆዩ።»

«አንድ ሰው ቀብቶት ነዋ።»

«ይሆናላ» አለ፣ ሊገላገለኝ ፈልጎ። «መጋዛቸውን ጥለው ሄዱ። ብዙ አታውሪ እህቴ፣ ጋሽ ይርዳው ደስ አይላቸውም።»

ስለ ሞተ ሰው እንዲህ ሲያወራ፣ ወሬውን ለመለወጥ ሂሳቤን ጠየቅሁት። እኔ እንኳ ይህን መሰል ወሬ አልፈራም ባይ ነኝ።

ፉሪ፣ ወንዙ ዳር

ከአስፋልቱ በእግሬ ወረድኩ። አዲሶቹ ቤቶች እዚያው አጠገብ ናቸው፤ ሬዲዮ ይሰማል፣ ሰው ልብስ ያሰጣል። ጥዶቹ ሥር ስገባ ድምፁ ሁሉ ጠፋ። ጉሙ ግንዶቹ መሃል ተኝቷል። የተጣሉት መጋዞች ሣር ውስጥ ዝገዋል። በየግንዱም ነጭ እጅ አለ፣ ሁሉም ወደ መጣሁበት በኩል የዞረ። ቁሚ የሚሉኝ መሰለኝ። በስመ አብ አልኩ።

እትዬ ዘነበች ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የኖራ ጣሳ አለ። ቀኝ መዳፋቸው ነጭ ነው። ልቤ መለስ አለልኝ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ! ሰፈሩን በሙሉ ሲያስፈራሩ የከረሙት?»

«እኔም አለሁበት» አሉ ሳይደነግጡ። «ጣቴን አጥፌ ነው የማትመው። ከመዳፉ በላይ ያቺ ነጥብ ትታይሻለች? የታጠፈው ጣቴ አንጓ ናት። የእኔ ሁሉ ነጥብ አለው።»

«እኔም አለሁበት ማለት?»

«የመጀመሪያውን እኔ አይደለሁም ያተምኩት። ከቀብሩ በኋላ አንድ ጠዋት መጥቼ አየሁት። ኖራው አልደረቀም፤ እንደ ባሌ እጅ ነጥብ የለውም። ብቻውን አይድከም ብዬ ነው እኔ የጀመርኩት።»

ልወስዳቸው እንደመጣሁ ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ጓዜን ቋጥሬያለሁ» አሉ። «ግን ጉልበቴ ወንዙን አያሻግረኝም፣ ማዶ ያሉትን እጆች ሄደሽ እዪልኝ። ሁሉም ነጥብ ካላቸው የጎረቤት ሥራ ነው፤ ዛፉን ጎረቤት ይጠብቀዋል፣ እኔም ዛሬውኑ አብሬሽ እሄዳለሁ። ነጥብ የሌለው ካለ ግን ትቼው አልሄድም።»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የውሃው ቅዝቃዜ አጥንት ድረስ ይሰማል። ማዶ ያሉት እጆች ብዙ ናቸው፤ ወፍራም የወንድ እጅ፣ ቀጭን የሴት እጅ፣ ሁሉም አንድ ጣት የታጠፈባቸው፣ ሁሉም ባለ ነጥብ። ለካ ሰፈሩ እርስ በርሱ ተደብቆ ሲያትም ነው የከረመው! ብቻዬን ሳቅሁ። ጎሽ፣ እትዬ ዘነበች መምጣታቸው ነው አልኩ።

ዳር ላይ ያለው የመጨረሻ ጥድ ጋ ደረስኩ። የዚህኛው እጅ ነጥብ የለውም። የቀለበት ጣቱ ቦታ ንጹሕ ቅርፊት ነው። ስነካው ኖራው እጄ ላይ ለቀቀ። ጭቃው ላይ ከእኔ በቀር የማንም ዱካ የለም። ምናልባት ሌላ ጣት የሌለው ሰው ይኖር ይሆናል አልኩ፣ ለራሴ። ከዚያ ሳላስበው «ጋሽዬ» ብዬ ተጣራሁ። ማንም አልመለሰልኝም፤ ግን የሰማኝ ያለ መሰለኝ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ስመለስ ውሃው መሃል ቆምኩ። «የለም» ብል እኮ አለቀ፤ ማታ እህቴ ቤት ነን።

«እህስ?» አሉ ከወዲያ።

ዓይናቸውን ሳይ መዋሸት አቃተኝ። «አንድ አለ።»

«እርጥብ ነው?»

«እርጥብ ነው።»

«እንግዲያው ገና አልጨረሰም» አሉና እጃቸውን ኖራው ውስጥ ነከሩ።

ኮተቤ

ቤት የደረስኩት ሲመሻሽ ነው። ከእንግዲህ ሰው ልውሰድ ብዬ ስሄድ፣ መጀመሪያ ሥራ እንዳለው እጠይቃለሁ። እህቴ በር ላይ ቆማ ከኋላዬ ማንንም ስታጣ ጮኸችብኝ።

«ብቻቸውን ትተሻቸው መጣሽ?»

«ብቻቸውን አይደሉም» አልኳት። ከማን ጋር እንደሆኑ ስትጠይቀኝ ግን ውሃ ስጪኝ አልኳት።